የነብር አደን በምዕራብ ጎጃም

የነብር አደን ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ወደ አባይ በሚወርደው ቆላ፣ እንዲሁም በወንበርማ፣ በጃቢ ጠህናንና በአካባቢያቸው ገደላገደል ሲነገርለት የኖረ፣ ዛሬ ግን በሕግ የተገደበ ተግባር ነው። ነብር በጎጃም ገደልና በወንዝ ዳር ጫካ ብቻውን እየዞረ ጦጣ፣ ዝንጀሮ፣ ሚዳቋና ድኩላ የሚበላ፣ ሲርበውም ፍየልና ውሻ የሚነጥቅ አውሬ ነው። ወንዱ እስከ 90 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ጥቁሩ ግስላም ከነብር የተለየ ዝርያ አይደለም፤ ቆዳው የጠቆረ ነብር ነው።

በቀድሞው ዘመን ነብር የገደለ ሰው በሠርግና በግብር ላይ ይፎክር፣ ቆዳውም ለምድ ሆኖ በጀግኖችና በመኳንንት ትከሻ ላይ ይታይ ነበር። መሣሪያው መጀመሪያ ጦርና ጋሻ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ውጅግራ በብዛት ገባ፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣ፣ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚተኩስ የፈረንሳይ አንድ ጎራሽ ጠመንጃ ነው። የመጀመሪያውን ጥይት የሳተ አዳኝ እንደገና እስኪያጎርስ ነብሩ ይደርስበታልና ሰው በቅርብ ርቀት ካልሆነ አይተኩስም፣ ብቻውንም አይወጣም ነበር። ለበንና ሌሎች ባለ ብዙ ጎራሽ ጠመንጃዎች ሲመጡ ይህ ጥንቃቄ ላላ፤ በእኔ እምነት የአደኑን አደጋ ያበዛው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ነብርን ለመግደል ትልቅ ጠመንጃ አያስፈልግም። ቆዳው ስስ፣ አጥንቱም ከጎሽ ጋር ሲነጻጸር ቀጭን ነው። ወሳኙ የጥይቱ ዓይነት ነው። ለአደን የሚሠራው ጥይት ጫፉ ለስላሳ እርሳስ ስለሆነ ሥጋ ሲነካ ይሰፋል፣ ጉልበቱንም እዚያው ይጨርሳል። በገጠር ቤት የሚገኘው የክላሽንኮቭ ጥይት ግን በአብዛኛው ለጦር ሜዳ የተሠራ፣ ጫፉ በብረት የተሸፈነ ነው፤ በነብሩ ሰውነት ጠባብ ቀዳዳ አብጅቶ ሊያልፍ ይችላል። እንስሳው ወዲያው አይወድቅም፤ ደሙን እያንጠባጠበ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል። በአደን ሙያ የሚተዳደሩ የአፍሪካ አዳኞች ግን ብዙ ጊዜ የሚመርጡት 9.5 ሚሊ ሜትር የሆነውን፣ «375» የሚባለውን ጠመንጃ ነው። ምርጫቸው የቆሰለ አውሬ ሲመጣባቸው በአንድ ጥይት እንዲያስቆሙት ነው።

የቆሰለ ነብር ከጤነኛው እጅግ የከፋ ነው። ጤነኛው ሰው ሲያይ አብዛኛውን ጊዜ ይሸሻል፤ የቆሰለው ሣር ውስጥ ተኝቶ ተከታዩ ጥቂት እርምጃ እስኪቀረው ይጠብቃል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይዘላል። ስለዚህ በምሽት ደም መከተል ራስን ለሞት መስጠት ነው። ሁለተኛው አደጋ ከሰው ይመጣል። ኡኡታ ተሰምቶ መንደርተኛው ቁጥቋጦውን ከብቦ ከየአቅጣጫው ሲተኩስ፣ ነብሩ መካከል ሲሆን ተኳሾቹ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። የጠመንጃ ጥይት ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል፤ በምዕራብ ጎጃም ገጠር ደግሞ በዚያ ርቀት ውስጥ ቤት፣ አራሽ ወይም እረኛ የማይኖርበት ቦታ ጥቂት ነው። አፈሙዝን ወደ ሰው አለማዞር፣ ከዒላማው ጀርባ ያለውን ሳያዩ ጣትን ቃታ ላይ አለማሳረፍ፣ በጉዞ ላይ ጥይቱን ማውጣት ከማንኛውም የመሣሪያ ምርጫ ይቀድማል።

ሕጉን በተመለከተ፣ በአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን ያስቀጣል፤ የጦር መሣሪያ መያዝም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድና ምዝገባ ይጠይቃል። የፈቃድ አደን የሚካሄድባቸው የተከለሉ ቦታዎች በዋናነት በኦሮሚያ፣ በአፋርና በደቡብ የአገሪቱ ክፍል ናቸው። ነብር ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት አንደኛ ዝርዝር ውስጥ ስለሚገኝ ቆዳውን ለንግድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። ፍየሉን የተነጠቀ ገበሬ ንዴቱ እውነተኛ ነው፤ ፍየል ለእሱ የልጅ ደብተርና የክረምት እህል ነው። ነገር ግን በእሾህ በደንብ የታጠረና ጣሪያ ያለው በረት፣ ከብትን ሳይመሽ ማስገባት፣ ጉዳቱንም በቀበሌ በኩል ለወረዳው ማሳወቅ ጠመንጃ አንስቶ ጫካ ከመግባት ይሻላል።

በነብር የተቧጨረ ወይም የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በብዙ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ መታጠብ አለበት። የነብሩ ጥፍርና ጥርስ ሥጋ በሚያመረቅዙ ተሕዋስያን የተሞሉ ናቸው፤ የእብድ ውሻ በሽታም ሊያስተላልፍ ይችላል። ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም፣ ቅጠል ለጥፎ ቤት መዋል ሳይሆን ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወይም በቅርብ ወዳለ ጤና ተቋም በዚያው ቀን መሄድና ስለ እብድ ውሻ በሽታና ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት መጠየቅ ያስፈልጋል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውም።