የጋለው ክር

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1913 ሊ ዲ ፎረስት የተባለ አሜሪካዊ የፈጠራ ሰው ከንግድ ሸሪኮቹ ጋር በኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ቀረበ። (ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ክሱ፣ በሐሰተኛ ተስፋ አክሲዮን ሸጠው ሕዝብ አታለዋል የሚል ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ከጠቀሳቸው የማታለያ ዕቃዎች አንዷ «ኦዲዮን» የምትባል፣ አምፖል የምትመስል መስታወት ናት፤ ለምንም የማትረባ ሲልም አጣጣላት። ዲ ፎረስት በነጻ ተለቀቀ። በዚያው ዓመት ኤ.ቲ. ኤንድ ቲ. የተባለው የስልክ ኩባንያ ይህችኑ «የማትረባ» ዕቃ በስልክ መስመር የመጠቀሙን መብት በ50,000 ዶላር ገዛ። ቴአትር ቢሆን ኖሮ ተመልካች ባላመነው ነበር።

የነገሩ ሥር ከዚያ ይርቃል። ቶማስ ኤዲሰን በ1880ዎቹ መጀመሪያ አምፖል ውስጥ አንድ ተጨማሪ ብረት አስገብቶ ሲመረምር፣ ከጋለው ክር ተነሥቶ ባዶውን በማቋረጥ ወደ ብረቱ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ጅረት አየ። አየ እንጂ ምክንያቱን አላወቀም፤ ኤሌክትሮን የታወቀው በ1897 ነውና። በ1904 እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ፣ ጅረቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ መሄዱን ለሬዲዮ መቀበያ አዋለው። ዲ ፎረስት ደግሞ በ1906 በክሩና በብረቱ መካከል ግሪድ የሚባለውን የሽቦ ፍርግርግ ጨመረ። የፓተንቱ ክርክር ለጠበቆች እንጀራ ሆኖ ብዙ ዓመት ፈጀ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ክሩ ሲግል ኤሌክትሮኖች ከላዩ ይፈልቃሉ። ፕሌት የተባለው ብረት ከፍተኛ ፖዘቲቭ ቮልቴጅ ስላለው ይስባቸዋል። ግሪዱ በመካከል ጥቂት ኔጋቲቭ ሆኖ ይቆማል። ደካማው የድምፅ ምልክት በግሪዱ ላይ ሲደርስ ኔጋቲቭነቱ ከበረታ ፍሰቱ ይቀንሳል፤ ከላላ ይጨምራል። የመስኖ በር የሚከፍትና የሚዘጋ ገበሬ ውሃውን በክንዱ አይገፋም፤ ግሪዱም እንዲሁ ነው። ጉልበቱ የሚመጣው ፕሌቱን ከሚመግበው የኤሌክትሪክ ምንጭ ነው።

ዲ ፎረስት ግን ይህን በትክክል አልተረዳም ነበር፤ በመስታወቱ ውስጥ የቀረው ጥቂት ጋዝ ለሥራው አስፈላጊ ይመስለው ነበር። በ1912 መሣሪያውን ለስልክ ኩባንያው ሲያሳይ፣ ሃሮልድ አርኖልድ የተባለው ወጣት የፊዚክስ ሊቅ ጋዙ እንቅፋት መሆኑን ተገነዘበ። ጋዙ ተጠርጎ ወጣ፤ ክሩም በኦክሳይድ ተቀባ። በጥር 1915 ከኒው ዮርክ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ፣ የሰው ድምፅ በሽቦ ተሻገረ።

በዚያ ዘመን ክሩን የሚያግለው ባትሪ ነበር። በተለዋዋጭ ጅረት ማጋል ሲታሰብ ችግር መጣ። በእነዚህ ቱቦዎች የሚግለውም፣ ኤሌክትሮን የሚያፈልቀውም ያው አንድ ክር ስለሆነ፣ ጅረቱ በተለዋወጠ ቁጥር የክሩ ቮልቴጅ ከግሪዱ አንጻር ይዋልላል፤ አድማጩም የማያቋርጥ ጉርምርምታ ይሰማል። መላው ቀላልና ብልኅ ነው፦ የወረዳው መመለሻ በክሩ ጫፍ ሳይሆን በመካከሉ ላይ ይታሰራል። አንዱ ጫፍ ሲወጣ ሌላው ስለሚወርድ ይጣፋሉ። በ1927 ማሞቂያው ከኤሌክትሮን አፍላቂው አካል የተለየባቸው ቱቦዎች ገበያ ወጡ፤ ጉርምርምታውም ተቃለለ። በአምፕሊፋየሩ የመጨረሻ ደረጃ ግን ምልክቱ አስቀድሞ የጎላ በመሆኑ ትንሿ ጉርምርምታ ስለማትጎዳ፣ በቀጥታ የሚግለው ክር ቦታውን አለቀቀም። ዌስተርን ኤሌክትሪክ ለሲኒማ አዳራሾች ያወጣው 300ኤ፣ በ1938ም የተከተለው 300ቢ የዚህ ዓይነት ናቸው። 300ቢ ክሩን ለማጋል ብቻ 5 ቮልት በ1.2 አምፔር፣ ማለትም 6 ዋት ይወስዳል፤ ብቻውን ሲሠራ ለድምፅ ማጉያው የሚሰጠው 8 ዋት ገደማ ነው። በዘመኑ ቀልጣፋ የቀንድ ድምፅ ማጉያዎች ይህ መጠን አዳራሽ ይሞላ ነበር።

በአዳራሹ ግን ሌሎች ሰዎች ነበሩ። ድምፅ አልባውን ፊልም በቫዮሊንና በፒያኖ ያጅቡ የነበሩ ሙዚቀኞች፣ ተናጋሪው ፊልም በ1927 ከታየ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሺህ እየተቆጠሩ ከሥራ ወጡ። የአሜሪካ ሙዚቀኞች ፌዴሬሽን በ1930 በጋዜጦች ባወጣቸው ማስታወቂያዎች የሙዚቃ መሣሪያ የሚጫወት ሮቦት ሥሎ፣ ሕዝቡ ለሕያው ሙዚቃ እንዲቆም ተማጸነ። ኩባንያዎቹ በቱቦዎቹ ኪራይና ሽያጭ ከበሩ፤ ከመድረኩ ሥር የተነሡት ሙዚቀኞች አብዛኞቹ ወደ ወንበራቸው አልተመለሱም።