ልቡ በቀኝ የነበረ ሰው

በለንደን ከተማ በግሬት ዊንድሚል ጎዳና፣ የንግሥት ሻርሎት ሐኪም የነበረው ዊሊያም ሀንተር ያሠራው የአናቶሚ ትምህርት ቤት ነበረ። ሀንተር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1783 ካረፈ በኋላ የማስተማሩ ሥራ ለእኅቱ ልጅ ለማቲው ቤሊ ተላለፈ፤ በ1788ም ለደቀ መዛሙርቱ ማስተማሪያ የመጣ የአንድ ጎልማሳ በድን ሲከፈት፣ ልቡ ወደ ቀኝ አዘንብሎ፣ ጉበቱ በግራ፣ ጨጓራውና ጣፊያው በቀኝ ተቀምጠው፣ የውስጥ ዕቃው ሁሉ በመስተዋት እንደሚታይ መልክ ተገልብጦ ተገኘ። ቤሊም ያየውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ጽፎ በንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር መጽሔት አሳተመው።

የዚያ ዘመን የአናቶሚ ሥራ ከኀዘን የራቀ አልነበረም፤ ሕጉ ለሐኪሞች የሚፈቅደው ከሞላ ጎደል በሞት የተቀጡትን የነፍሰ ገዳዮች ሬሳ ስለ ነበር፣ በ1832 አዲስ ሕግ እስኪወጣ ድረስ ብዙ ድሆች ከተቀበሩበት እየተሰረቁ ለትምህርት ቤቶች ይሸጡ ነበር። የዛሬው እውቀት ያለ ፈቃዳቸው በተከፈቱ ሰዎች ሥጋ ላይ የቆመ መሆኑን መዘንጋት አይገባንም።

ቢላዋ ግን የተፈጸመውን አካል እንጂ አካሉ የሚሆንበትን ሰዓት አያሳይም፤ ስለዚህ ከ10,000 ሰው በአንዱ ያህል የሚገኘው ይህ መገለባበጥ ከመቶ ዓመት በላይ ምክንያቱ ያልታወቀ መደነቂያ ሆኖ ቆየ። በ1933 የዙሪኩ ሐኪም ማኔስ ካርታጌነር፣ የውስጥ ዕቃቸው ከተገለበጠ ሰዎች አንዳንዶቹ በማያቋርጥ የሳይነስ ሕመምና በሳንባ ቧንቧዎች መስፋት እንደሚሠቃዩ ገለጸ። የልብ መቀመጫና ሳል ምን ያገናኛቸዋል?

መልሱ ማንም ካልጠበቀው ስፍራ መጣ። ስዊድናዊው ቢዮርን አፍሴሊዩስ በ1959 የባሕር ጃርትን የወንድ ዘር ሕዋስ ጭራ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ በውስጡ ካሉት ጥቃቅን ቱቦዎች የሚወጡ እንደ ክንድ ያሉ ነገሮችን አየ፤ እነዚህም ኋላ ዳይኒን የተባለው፣ ጭራውን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮቲን ሆነው ተገኙ። ከዓመታት በኋላ ዘራቸው የማይንቀሳቀስ መካን ወንዶችን ሲመረምር እነዚያን ክንዶች አጣቸው፤ ከሰዎቹም መካከል የካርታጌነር ሕመም ያለባቸው ነበሩ። አክታን ከሳንባ የሚጠርጉት ጥቃቅን የሕዋስ ፀጉሮች በዚሁ ክንድ የሚሠሩ ናቸውና፣ አፍሴሊዩስ በ1976 በድፍረት እንዲህ ሲል አሰበ፦ በፅንስም ውስጥ የእነዚህ ፀጉሮች መወዛወዝ ግራንና ቀኝን ይወስናል፤ እነርሱ ሲቆሙ ግን ነገሩ ለዕጣ ይተዋል፣ ከሕሙማኑም እኩሌታው ይገለበጣል። እንዲህ ያለ ታላቅ ሐሳብ ከእንዲህ ያለ ትንሽ ምልክት መውጣቱ እኔን ዘወትር ያስደንቀኛል።

በዚያው በ1959 ሌሎች ተመራማሪዎች፣ ከእርሱ ሥራ ጋር ምንም ሳይገናኙ፣ በዘር የሚወረስ ጉድለት ያለባቸውን አይጦች መዝግበው ነበር፤ ጉድለቱን ከሁለቱም ወላጆች ከወረሱት ግልገሎች እኩሌታ ያህሉ የውስጥ ዕቃቸው ተገልብጦ ይወለዱ ነበር። ጂኑ በ1997 ሲታወቅ የዳይኒን ጂን ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱ መንገዶች ከ38 ዓመት በኋላ ተገናኙ ማለት ነው። እንግዲህ ጂኑ ራሱ «ግራ» የሚል ትእዛዝ የለውም፤ ሞተር ብቻ ይሠራል።

በ1998 በቶኪዮ የኖቡታካ ሂሮካዋ ባልደረቦች የስምንት ቀን ገደማ የአይጥ ፅንስን ሲመለከቱ፣ ኖድ በሚባለው ጎድጓዳ ስፍራ ያሉ ፀጉሮች እየተሽከረከሩ ፈሳሹን ወደ ግራ ሲነዱት አዩ። ከዚህም የተነሣ በግራ በኩል ኖዳል የተባለው ጂን ይነሣል፤ ሌፍቲ የተባለው ጂን ምልክቱ ወሰኑን እንዳያልፍ ይገታዋል፤ ፒትኤክስ2 ደግሞ ምልክቱን ተቀብሎ ለልብና ለሆድ ዕቃ ቅርጽ ያደርሰዋል። በ2002 ጃፓናውያን ሊቃውንት ፅንሶችን በሰው ሠራሽ ፈሰስ ውስጥ አስቀምጠው አሳደጉ፤ ብርቱ ፈሰስ ወደ ቀኝ ሲነዳ የጤነኛው ፅንስ ወገን ተገለበጠ፤ ፀጉራቸው የማይንቀሳቀስ የ1959ኞቹ አይጦች ዘሮችም ዕጣቸው ቀርቶ በፈሰሱ አቅጣጫ ተመሩ።