ስለ እስረኛ ምስክርነት፤ ከጀጎል ታሪክ

ሙግት በምስክር ይጸናል፤ ምስክር ያጣ እውነት በባለቤቱ ልብ ተቀብሮ ይቀራልና። ነገር ግን አንድ ሰው ስለ ቤቱ ወይም ስለ ገንዘቡ ሲሟገት፥ ውሉ ሲፈጸም ያየው ሰው በሌላ ጥፋት ተከሶ በወህኒ ቤት ቢገኝ ምን ይደረጋል? እስረኛው በሙግቱ ድርሻ የለውም፤ ተሟጋቹም ከእስረኛው ጥፋት አይካፈልም። ሆኖም የአንዱ መብት በሌላው አፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ይህን ነገር በሐረር፥ በጀጎል ታሪክ መርምረን ብናየው ትምህርት እናገኝበታለን።

አስቀድመን የነቢዩን የኤርምያስን ነገር እናስታውስ። ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት ተከባ ሳለች ነቢዩ በዘበኞች አደባባይ ታስሮ ነበር። በዚያም ሳለ በዓናቶት ያለውን እርሻ ከአጎቱ ልጅ በ17 ሰቅል ብር ገዛ፤ ውሉን አትሞ ምስክሮችን አቆመ፥ ጽሕፈቱንም በባሮክ እጅ አኖረ። አካሉ በግዞት ሳለ ቃሉ በሕዝብ ፊት የጸና ሆነ።

ወደ ጀጎል እንመለስ። ከተማይቱን በግንብ ያስከበሩት በ16ኛው ምዕት ዓመት የገዙት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው። በአሚሮቹ ዘመን ሙግት በሸሪዓ መሠረት በቃዲ ፊት ይታይ ነበር። በሐረር መምህራን ዘንድ በጸናው በሻፊዒ ሕግ፥ ምስክሩ በሕመም ወይም በሩቅ መንገድ ምክንያት መቅረብ ያልቻለ እንደ ሆነ፥ ስለ ገንዘብና ይህን ስለ መሰለ ነገር ሁለት ታማኞች ቃሉን ተቀብለው በቃዲው ፊት ሊመሰክሩለት ይችላሉ። ይህም ምስክርነት በምስክርነት ላይ ይባላል። እስራትም ከሕመምና ከመንገድ ርቀት የሚያንስ መሰናክል አይደለም።

ዳሩ ግን ሕጉ የከፈተውን በር የገዥው ብረት ይዘጋው ነበር። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. በታኅሣሥ መጨረሻ ወደ ጀጎል ገብቶ 10 ቀን በተቀመጠ ጊዜ፥ ስለ አሚር አሕመድ ወህኒ ቤት የሰማውን ጽፏል። እስረኛው በብረት ታስሮ በጨለማ ቤት ይጣላል፤ ምግቡም ጥቂት የደፈረሰ ውኃና ቍራሽ የማሽላ እንጀራ ነው። ወደዚያ የገባ ሰው ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይዞ ከሰው ዓይን ይሰወራል። እንግዲህ በአንድ ቅጥር ውስጥ፥ ቃልን በጥንቃቄ የሚሰበስብ ችሎትና ቃልን የሚውጥ የጨለማ ቤት ጎን ለጎን ኖሩ።

በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ንጉሥ ምኒልክ ሐረርን ይዘው፥ በኋላ ራስ የተባሉትን ደጃዝማች መኰንንን ሾሙባት። ከዚህ በኋላ ከቃዲው ሕግ ጋራ የፍትሐ ነገሥትና የደጋው አገር የሙግት ልማድ ወደ ከተማይቱ ገባ። ከዚህም ልማድ አንዱ ቁራኛ ነበረ፤ ባለዕዳና አበዳሪ፥ ከሳሽና ተከሳሽ ነገራቸው እስኪፈጸም ድረስ እጅ ለእጅ በሰንሰለት ይቆራኙ ነበር። ልማዱ ጨካኝ ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ያስረዳናል። ሰንሰለት በእጁ ያለበት ሰው በዳኛ ፊት ቆሞ ነገሩን ይናገር ነበር፤ ስለ ታሰረ ብቻም ዝም በል አልተባለም።

ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ተቋቋሙ፤ በ1936 ዓ.ም.ም የቃዲዎች ፍርድ ቤት በአዋጅ ተደነገገ። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ምስክር በመጥሪያ እንዲጠራ፥ በመሐላ እንዲናገር፥ ተቃራኒውም ወገን መስቀለኛ ጥያቄ እንዲጠይቀው ሥርዓት አበጀ። ይህ ሕግ በብዙ ክፍሉ የሕንድን ሕግ የተከተለ ነው። በእንግሊዝ አገር እስረኛን ለምስክርነት የሚያስቀርብ የተለየ የዳኛ ትእዛዝ ከጥንት ጀምሮ ነበረ፤ በሕንድም በወህኒ ስላሉ ምስክሮች የሚናገር ክፍል እ.ኤ.አ. በ1976 በሥነ ሥርዓቱ ሕግ ላይ ተጨምሯል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችንም በ21ኛው አንቀጽ የታሰረ ሰው ሰብአዊ ክብሩ እንዲጠበቅ፥ በ37ኛው አንቀጽ ሰው ሁሉ ፍትሕ የማግኘት መብት እንዲኖረው ያዛል። እስረኛ ምስክር ሲጠራ እነዚህ ሁለት አንቀጾች በአንድ ሰው ላይ ይገናኛሉ።

እንግዲህ የቀረው የአቀራረቡ ነገር ነው። የእስረኛ ቃል በሁለት ነገር ይታመማል፤ በጠባቂው ፍርሃትና በምሕረት ተስፋ። ስለዚህ እስረኛው በጠባቂው ዓይን ሥር ሳይሆን በዳኛው ፊት፥ ተሟጋቾቹም ባሉበት፥ እጁ ተፈትቶ ሊናገር ይገባል። ሦስተኛውና የተሰወረው ሕመም ግን በሰሚው ልብ ያለ ንቀት ነው። ሰው በአንድ ነገር ስለ በደለ ያየው ሁሉ ሐሰት አይሆንም። ዳኛ ቃሉን ይመዝን፥ ከሌላው ማስረጃ ጋራ ያስተያይ፤ ሳይሰማ ግን አይጣለው። አንዲት መበለት የቤቷን ግዢ ያየላት ብቸኛ ሰው በወህኒ ቢሆን፥ እርሱን አለመስማት ያልበደለችውን እርሷን መቅጣት ነው።

ዮሴፍን የጠጅ አሳላፊው ሁለት ዓመት ረስቶት ነበር። ባስታወሰውም ጊዜ ከወህኒ አወጡት፤ ጠጕሩን ተላጭቶ፥ ልብሱን ለውጦ በፈርዖን ፊት ቆመ። ከእስር ቤት የወጣው ያ ቃል የግብፅን ሕዝብ ከራብ አዳነ። በወህኒ ያለውን እውነት የሚያስታውስና በክብር የሚሰማ ዳኛ ልዑል እግዚአብሔር ለአገራችን አያሳጣት፤ አሜን።