የፀሐይና የጨረቃ ግርዶሽ፡ ሥርዓተ ተፈጥሮውና የዕለተ ዓርቡ ጨለማ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እሑድ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት በላሊበላና በአካባቢው የነበሩ ሰዎች ፀሐይ በጨረቃ ተጋርዳ ዙሪያዋ ብቻ እንደ እሳት ቀለበት ሲያበራ ተመልክተዋል። ዓለም በኮሮና ወረርሽኝ በተጨነቀበት ወቅት የታየ በመሆኑ «ይህ የቍጣ ምልክት ይሆንን?» የሚል ጥያቄ በምእመናን ልቡና ቢያድር የሚደንቅ አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ ጌታችን በተሰቀለበት ዕለት የሆነውን ጨለማ «የተለመደ የፀሐይ ግርዶሽ ነበር» በማለት የሚያቃልሉ አሉ። የፊተኞቹ ሥርዓተ ተፈጥሮውን ተአምር ያደርጉታል፤ የኋለኞቹ ተአምሩን ሥርዓተ ተፈጥሮ ያደርጉታል። ለሁለቱም መልስ የሚሰጠው ግርዶሽ መቼና እንዴት እንደሚሆን ማወቅ ስለሆነ ነገሩን በአጭሩ እንመለከታለን።

ግርዶሽ ምንድን ነው?

ጨረቃ የራስዋ ብርሃን የላትም፤ የምታበራው የፀሐይን ብርሃን ተቀብላ ነው። ከምድር በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ርቃ በምድር ዙሪያ ትዞራለች፤ ከአንዱ ሠርቀ ጨረቃ እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜም በአማካይ 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ነው።

የፀሐይ ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ በፀሐይና በምድር መካከል ገብታ ጥላዋን በምድር ላይ ስትጥል ነው። ይህም የሚሆነው ጨረቃ ከዓይናችን በምትሰወርበት፣ አዲስ በምትወለድበት ጊዜ ብቻ ነው። የጨረቃ ግርዶሽ ግን በተቃራኒው ምድር በመካከል ሆና ጥላዋ በጨረቃ ላይ ሲያርፍ፣ ማለትም ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ሌሊት ይሆናል። በዚያን ጊዜ ጨረቃ የምትቀላው የምድር አየር የፀሐይን ብርሃን አጥፎ ቀዩን ብርሃን ወደ እርስዋ ስለሚያሳልፍ ነው።

ታዲያ በየወሩ ግርዶሽ የማይሆነው ለምንድን ነው? የጨረቃ መንገድ ከምድር መንገድ በ5 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጥላው ከላይ ወይም ከታች ያልፋል።

ፀሐይ በስፋትዋ ጨረቃን 400 ጊዜ ያህል ትበልጣለች፤ በርቀትም እንዲሁ 400 ጊዜ ያህል ትርቃለች። ስለዚህ ሁለቱ ለዓይናችን እኩል መስለው ይታያሉ፤ ታናሺቱም ታላቂቱን ለመጋረድ ትችላለች። ጨረቃ ከምድር በምትርቅበት ጊዜ ግን አንሳ ስለምትታይ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ አትሸፍናትም፤ በላሊበላ የታየው ቀለበትም የዚህ ውጤት ነው።

ጨረቃ በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር

እግዚአብሔር ፀሐይንና ጨረቃን ለዕለታት፣ ለዘመናትና ለዓመታት ምልክት እንዲሆኑ እንደ ፈጠራቸው መጽሐፍ ቅዱስ ያስተምራል (ዘፍ. 1፥14)። ሊቃውንቶቻችንም በባሕረ ሐሳብ የጨረቃን ጉዞ ሲቈጥሩ ኖረዋል። አሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት 354 ቀናት ናቸው፤ ከፀሐይ ዓመት 365 ቀናት በ11 ያንሳሉ። ይህ የ11 ቀን ትርፍ የአበቅቴ መነሻ ነው።

ለምሳሌ 2012 ዓ.ም.ን ብንወስድ 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7512 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 7 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 6 ነው። 6 በ11 ሲባዛ 66፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 6 ይሆናል። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ስለሚሆኑ መጥቅዑ 24 ነው። የጾመ ነነዌ፣ የዐቢይ ጾምና የትንሣኤ ቀን የሚወጣው ከዚህ ተነሥቶ ነው። የጨረቃን መሰወርና መሙላት እየቈጠረች በዓላትዋን የምታወጣ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ግርዶሽን ሊደነግጡበት አይገባም። ነቢዩ ኤርምያስም አሕዛብ የሚፈሩትን የሰማይ ምልክት እንዳንፈራ አስተምሮናል (ኤር. 10፥2)።

የዕለተ ዓርቡ ጨለማ

ጌታችን በተሰቀለ ዕለት ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጨለማ እንደ ሆነ ወንጌላውያን ጽፈዋል (ማቴ. 27፥45፤ ማር. 15፥33፤ ሉቃ. 23፥44-45)። ይህ የተለመደ ግርዶሽ ሊሆን የማይችልባቸው ሁለት ግልጽ ምክንያቶች አሉ።

አንደኛው፣ የፋሲካው በግ የሚታረደው ከወሩ በ14ኛው ቀን ነው (ዘፀ. 12፥6)። የአይሁድ ወር የሚጀምረው በሠርቀ ጨረቃ ስለሆነ ፋሲካ የሚውለው ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ሰሞን ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ከፀሐይ ተቃራኒ ወገን ስለምትገኝ ፀሐይን ልትጋርድ አትችልም። በዚህ ጊዜ ሊሆን የሚችለው የጨረቃ ግርዶሽ ነው፤ እርሱም ቀትርን አያጨልምም።

ሁለተኛው፣ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ በአንድ ቦታ ከ7 ደቂቃ ተኩል ያህል አይበልጥም፤ የዕለተ ዓርቡ ጨለማ ግን ሦስት ሰዓት ቈይቷል።

ይህን መልስ ቤተ ክርስቲያን ያገኘችው ዛሬ አይደለም። በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ጸሐፊ ዩልዮስ አፍሪካኖስ ጨለማውን ግርዶሽ ነው ላለው ታሉስ ለተባለ ሰው ፋሲካ በሙሉ ጨረቃ እንደሚውል በማስረዳት መልሶለታል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያናችን የፀሐይን መጨለም በስቅለቱ ከተደረጉት ሰባቱ ተአምራት አንዱ አድርጋ ስታስተምር የሰማይን ሥርዓት ሳታውቅ አይደለም። ይልቁንም ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው ከሥርዓት ውጭ የሆነውን ለይቶ ያደንቃል።

ግርዶሽ ሲሆን ምን እናድርግ?

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ይሆናል። በግብፅ ሉክሶርና በሳዑዲ ዓረቢያ ጅዳ የሚኖሩ ወገኖቻችን ፀሐይ ፈጽማ ስትጋረድ ያያሉ፤ በሀገራችን በከፊል ይታያል። ፀሐይን በባዶ ዓይን፣ በተለመደ የፀሐይ መነጽር፣ በጥላሸት በጠቈረ መስታወት ወይም በራጅ ፊልም መመልከት ዓይንን እስከ መጨረሻው ሊጐዳ ይችላል፤ ሕመም ሳይሰማ ስለሚጐዳም ሕፃናትን አጥብቀን እንጠብቅ። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መነጽር ከሌለ በካርቶን ላይ ትንሽ ቀዳዳ በስቶ፣ ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ መሬት ላይ የሚያርፈውን ምስል ማየት ይቻላል። የጨረቃ ግርዶሽን ግን ያለ ስጋት በዓይናችን ማየት እንችላለን።

ሥርዓታቸውን ሳይስቱ የሚመላለሱትን ብርሃናት ያየ ሁሉ ሠሪያቸውን ያመስግን፤ ፀሐይ በቀትር ስለ ጨለመችለት ስለ መድኃኔዓለም ሕማምም ያስብ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።