ሽልማት የመጀመሪያ ፍርድ፣ ዘመን የይግባኝ ችሎት

በጁባ ከተማ በካቶር ሰፈር፣ በቅድስት ቴሬዛ ካቴድራል አካባቢም ሆነ ወደ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ በሚወስደው መንገድ፣ ቀን በንግድና በሥራ ሲደክም የዋለ ኢትዮጵያዊ ማታ አረፍ ብሎ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ የአማርኛ ተከታታይ ድራማ ነው። ቡና ይፈላል፤ ቴሌቪዥን ይከፈታል፤ ኔትወርክ የቀናው በስልኩ ያያል፤ ያልቀናውም ከባልንጀራው በፍላሽ ይቀዳል። ድራማው ሲያልቅ ክርክሩ ይጀምራል። አንዱ «የተሸለመ ድራማ ነውኮ» ሲል ሌላው «ታዲያ ምኑን አይተው ሸለሙት?» ይላል። ቡናው በረካ ደርሶ ጀበናው ሲነሳም ክርክሩ እልባት አያገኝም።

ጥያቄው የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ ቢመስልም ክብደት አለው። በጁባ ተወልዶ ከጎረቤት ልጆች ጋር በጁባ ዓረብኛ እየተጫወተ ለሚያድግ ሕፃን፣ ከእናትና ከአባቱ ቀጥሎ የአማርኛ መምህሩ ድራማ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢታንግና በፉኝዶ መጠለያዎች ኖረው፣ ወይም በኢትዮጵያ ከተሞች ተምረው ወደ ሀገራቸው ለተመለሱ ደቡብ ሱዳናውያንም አማርኛውን ከመረሳት የሚጠብቅላቸው እሱው ነው። እንግዲህ የትኛው ድራማ ምስጋና ይገባዋል ብሎ መጠየቅ፣ ለልጅ የሚወረሰው ቋንቋ የትኛው ይሁን ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን የሽልማትንና የድራማን ታሪክ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ያስፈልጋል።

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ተውኔት የጀመረው በሽልማት ሳይሆን በክልከላ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ ያዘጋጁት «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በእንስሳት ተረት ስም የቤተ መንግሥቱን አሠራር የሚነካ ሆኖ በመገኘቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። በዚያን ዕለት ፈራጅ ቢጠየቅ ኖሮ ሥራው ወድቋል፣ ጸሐፊውም ተሳስቷል ይባል ነበር። ዛሬ ግን የኢትዮጵያ ቴአትር ታሪክ ሲነገር መነሻው ያ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ፍርድ በዘመን ተሻረ። ሊሻር የቻለውም ጽሑፉ ስለተረፈና በኋላ የመጣ ትውልድ አንብቦ ሊመዝነው ስለቻለ ነው።

ከአርባ ዓመት በኋላ ሁለት ነገሮች በአንድ ወቅት ተወለዱ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት ተቋቁሞ እ.ኤ.አ. በ1964 በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ከበደ ሚካኤልን ሸለመ፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1966 ጸጋዬ ገብረ መድኅንን በወጣትነቱ በሸለመው ጊዜ፣ ሽልማቱ ይገባዋል አይገባውም የሚል ሰው መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውርዶ መመስከር ይችል ነበር። የጸጋዬ ተውኔቶች ዛሬም ይነበባሉ፤ ዛሬም መድረክ ላይ ይወጣሉ፤ ስለዚህ የዚያ ዘመን ዳኞች አለመሳሳታቸው ታውቋል። ድርጅቱ ግን በ1966ቱ አብዮት ከሥርዓቱ ጋር አብሮ ቀረ።

ቴሌቪዥን በአንጻሩ ሌላ ዕጣ ገጠመው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥርጭቱ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ የማያልፍ ነበር። በዚያን ዘመን በየትም ሀገር የምስል ቴፕ ውድ ስለነበር፣ ታይቶ ያለቀን ዝግጅት አጥፍቶ በላዩ ሌላ መቅዳት የተለመደ ነው። የብሪታንያው ቢቢሲ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ያሳያቸውን ብዙ ድራማዎች በዚህ መንገድ አጥፍቷል፤ ዛሬ የጠፉትን ክፍሎች ከየሰብሳቢው ቤት የሚያስስ ሕዝብ አለ። መጽሐፍ በመደርደሪያ ይጠብቃል፤ የዚያ ዘመን ድራማ ግን እንደ ንፋስ አለፈ። ተመልካቹ «ጥሩ ነበር» ካለ ጥሩ ነበር፤ «አይረባም» ካለም ቀረ። መዝገቡ ስለሌለ ይግባኝ አልነበረም።

ሳምንት እስኪደርስ የሚናፈቀው ተከታታይ ድራማ በኢትዮጵያ ታላቅ ስፍራ የያዘው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። የአዳነች ወልደገብርኤል «ገመና» በቴሌቪዥን ሲታይ ቤተሰብ አንድ ላይ ተሰብስቦ ይጠብቀው ነበር። ቀጥሎ የመጣው «ሰው ለሰው»ም እንደዚሁ ብዙ ሕዝብ አስከተለ። በአበበ ባልቻ የተተወነው አስናቀ የተመልካቹን ጥላቻም አድናቆትም በአንድ ላይ የተሸከመ ገጸ ባሕርይ ሆነ። ያ ወቅት ለጁባ ኢትዮጵያውያንም የተለየ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2005ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ ወደ ከተማይቱ የገባው ነጋዴና ባለ ሙያ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. አዲሲቱ ሀገር ነፃነቷን ስታውጅ በሆቴሉና በሱቁ ሥራውን ይዞ ነበር። የሀገሩን ወሬ በስልክ ሲጠይቅ፣ ከዘመድ ደኅንነት ቀጥሎ ስለ ድራማው መጠየቅ የተለመደ ሆነ።

ይሁን እንጂ ያን ዘመን ሲመዝኑ አንድ ነገር አይዘነጋም። በሀገር ውስጥ የሚተላለፈው ቴሌቪዥን በመንግሥት እጅ ብቻ ነበር፤ ተመልካቹ የሚመርጠው ብዙ አልነበረም። አንድ ሱቅ ብቻ ባለበት መንደር የዚያ ሱቅ ዕቃ በብዛት መሸጡ የዕቃውን ጥራት አያረጋግጥም። ስለዚህ «ሕዝቡ ሁሉ አይቶታል» የሚለው ማስረጃ ብቻውን በቂ አይሆንም። ፉክክሩ የመጣው በኋላ ነው። ኢቢኤስ ከውጭ በሳተላይት ገባ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክና የሌሎች ሀገሮችን ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲቀርብ፣ በሀገር ውስጥ የጥበብ ባለ ሙያዎች ዘንድ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። ተቃውሞው ስለ ባሕልና ስለ እንጀራ የተነሣ ቢሆንም፣ ለተመልካቹ ያልታሰበ ጥቅም አመጣለት፤ በአንድ ምሽት ሁለት ሥራ አይቶ ማወዳደር ቻለ።

ሽልማቶቹም የመጡት በዚሁ ዘመን ነው። ሁለቱ ታዋቂዎች በመለኪያቸው ይለያያሉ። በሸገር ኤፍኤም ሬዲዮ ከሚሰማው የብርሃኑ ድጋፌ ዝግጅት የወጣው «ለዛ» የአድማጭን ድምፅ ይቆጥራል። በዮናስ ብርሃነ መዋ በ2006 ዓ.ም. የተጀመረውና በ1960ዎቹ አጋማሽ በተሠራው ፊልም የተሰየመው «ጉማ» ደግሞ በዋናነት የፊልም ሽልማት ሲሆን፣ የዳኞችን ሚዛን ይጠቀማል። ሁለቱም በጎ ሥራ ሠርተዋል። ከመጋረጃ ጀርባ የሚደክመውን ጸሐፊ፣ የካሜራ ባለ ሙያና አዘጋጅ ወደ መድረክ አውጥተው በስሙ እንዲጠራ አድርገዋል።

ሁለቱም ዓይነት ሚዛን ግን ጉድለት አለው። የሕዝብ ድምፅ በዚያው ሰሞን በአየር ላይ ያለውን ያስታውሳል፤ ከዓመት በፊት ያለቀውን ይዘነጋል። ተዋናዩን የሚወድ ሰው ለድርሰቱ የሚሰጠውን ድምፅም ለተዋናዩ ይሰጣል። ዳኛ በበኩሉ በሙያው ቢያይም፣ ጊዜው አጭር ስለሆነ ከመቶ ክፍል ጥቂቱን መርጦ ለመፍረድ ይገደዳል። በመቶ ክፍል የተነገረን ታሪክ በጥቂቱ መመዘን ደግሞ አንድን ቤት በሳሎኑ ብቻ እንደመገመት ነው፤ ጓዳው አልታየም፤ ጣሪያው ያፍስስ አያፍስስ አልታወቀም።

ይህ የኢትዮጵያ ችግር ብቻ አይደለም። የአሜሪካው የኤሚ ሽልማት እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ የሚሰጥ አንጋፋ መድረክ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2008 የታየውና የባልቲሞርን ከተማ ፖሊስ፣ ወደብ፣ ትምህርት ቤትና ጋዜጣ በየተራ የመረመረው «ዘ ዋየር» በ60 ክፍሎቹ አንድም ኤሚ አላገኘም። ዛሬ ከምንጊዜውም ምርጥ ድራማዎች ጋር ይቆጠራል። «ቤተር ኮል ሶል» 53 ጊዜ ለኤሚ ታጭቶ አንዱንም ሳይወስድ አለቀ። በተቃራኒው «ጌም ኦፍ ትሮንስ» እ.ኤ.አ. በ2019 የመጨረሻው ምዕራፉ ሲታይ ከሚሊዮን በላይ ተመልካች «እንደገና ይሠራ» ብሎ ፈርሞበት ሳለ፣ በዚያው ዓመት የምርጥ ድራማ ሽልማት ተቀበለ። ሽልማት ሲዘገይም ሲቸኩልም ይሳሳታል ማለት ነው። ሁልጊዜ ይሳሳታል ማለት ግን አይደለም፤ የቱርኩ «ካራ ሴቭዳ» እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለም አቀፉን ኤሚ ሲያገኝ፣ በብዙ ሀገር ሕዝብ የተወደደውን ሥራ ዳኞችም አክብረውታል።

ስለ «ዘ ዋየር» ልብ ሊባል የሚገባው፣ ፍርዱ እንዴት እንደተገለበጠ ነው። በሥርጭቱ ጊዜ ያላየው ሰው በኋላ በዲቪዲ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተከታታይ አየው፤ ደግሞም አየው። መዝገቡ ስለተጠበቀ ይግባኙ ተሰማ።

ካቶር ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ የምትሆነው እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ በየሳምንቱ አንድ ክፍል እየተጠባበቀ ያየውን ድራማ፣ የካቶር ተመልካች አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ፣ አሥሩንም ሃያውንም ክፍል ባንድ ላይ በስልኩ ያገኛል። ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። ሳምንት የሚጠብቅ ሰው ናፍቆቱ ጉድለቱን ይሸፍንለታል። ባንድ ሌሊት አምስት ክፍል የሚያይ ሰው ግን ታሪኩ ያለ ምክንያት የተጎተተበትን ቦታ፣ አንዱ ገጸ ባሕርይ ትናንት ያወቀውን ዛሬ እንዳላወቀ የሆነበትን፣ ሁለት ሰዎች አንድን ነገር በሦስት ክፍል ደጋግመው የተነጋገሩበትን ወዲያው ይለያል። የማስታወቂያ ገቢ እስካለ ድረስ ድራማ እንዲረዝም ይፈለጋል፤ ርዝመቱም ለሥራው ይሁን ለገቢው የሚታወቀው ባንድነት ሲታይ ነው። ከሽልማቱ ማግሥት ርቆ፣ የሰሞኑ ጭብጨባ ካለፈ በኋላ የሚያይ ይህ ተመልካች፣ ሳያስበው የይግባኝ ችሎት ዳኛ ሆኗል።

በዚህ ችሎት ፊት የሚቆሙት የትኞቹ ናቸው? «ሰው ለሰው» መጎተት ነበረበት ቢባል እንኳ አስናቀን ትቶ አልፏል፤ ክፋትን በጩኸት ሳይሆን በእርጋታ ማሳየት እንደሚቻል አስተምሯል። የዚህና የ«ዘመን» ድራማ ደራሲ መስፍን ጌታቸው በ2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ሲለይ፣ ብዙ ተመልካች የጸሐፊውን ስም ከሥራው ጋር አያይዞ ያወቀው ያን ጊዜ መሆኑ፣ ምስጋና ምን ያህል ከጸሐፊው ርቆ ከተዋናዩ ዘንድ እንደሚቀር ያሳያል። በፋና ቴሌቪዥን የታየው «ምን ልታዘዝ» አንዲት ካፌን የሀገር ምሳሌ አድርጎ በፖለቲካው ላይ ቀለደ። ቀልዱ ከዕለቱ ወሬ ጋር የተያያዘ ስለነበር ከፊሉ ከወሬው ጋር አርጅቷል፤ ነገር ግን የ2010 እና የ2011 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ምን ትስቅ፣ ምን ትፈራ እንደነበር ለሚጠይቅ የታሪክ ተመራማሪ ጥሩ ምስክር ነው።

በአርትስ ቴሌቪዥን የቀረበውና አዜብ ወርቁ፣ ቅድስት ይልማና ቤዛ ኃይሉ የጻፉት «እረኛዬ» ካሜራውን ከከተማ ሳሎን አውጥቶ ወደ ገጠር ወሰደው። የተቀበለው ምስጋና በይግባኝም የሚጸና ነው። ምክንያቱም ተመስግኖ የነበረው ነገር፣ ማለትም ቋንቋው፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሲታይ አይቀንስም። ገበሬው እንደ ገበሬ፣ አሮጊቷ እንደ አሮጊት ይናገራሉ፤ ምሳሌያዊ አነጋገሩ ለጌጥ የተለጠፈ ሳይሆን ነገር የሚቋጭበት ነው። የካቶር ወላጅ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ «ይህን ስማ» ሊለው የሚችለው እንዲህ ያለውን ሥራ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መልስ አጭር ነው። የተሸለሙ ድራማዎች ምስጋናቸው ይገባቸዋልን? ለአንዳንዶቹ ይገባቸዋል፤ የሚገባቸው ግን ስለተሸለሙ አይደለም። ሁለተኛ ሲታዩ የሚቆሙ፣ መጀመሪያ ላይ ያስያዙትን ነገር መጨረሻ ላይ የሚከፍሉ፣ ከተመልካቹ አፍ ላይ የተሻለ ቋንቋ ትተው የሚያልፉ ከሆነ ሽልማቱ እውነት ተናግሯል። ካልሆነም ዋንጫው የዚያ ሰሞን ማስታወሻ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ፍርድ እንዲሰጥ ግን መዝገብ መኖር አለበት። የቴሌቪዥን ጣቢያዎች የድራማዎቻቸውን ሙሉ ቅጂ በቅደም ተከተልና በጸሐፊው ስም ቢያስቀምጡ፣ ሸላሚዎችም ለምን እንደሸለሙ በጽሑፍ ቢገልጹ፣ ከአሥር ዓመት በፊት ታይቶ ዛሬም ለሚታይ ሥራ አንድ ሽልማት ቢለዩ፣ ክርክሩ ከስሜት ወደ ማስረጃ ይሸጋገራል። እስከዚያው ድረስ በካቶር ስልክ ላይ የተቀዳው ቅጂ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውም ፍላሽ የዚያ መዝገብ ታናሽ ወንድም ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ ለድራማም የሚበጀው እያደሩ ማየት ነው።