አዲሱ ስምና አሮጌው ስም በሰዓት መዝገብ

እዚህ ጋርላንድ በእጃችን የያዝነው ስልክ ሰዓቱን የሚያውቀው «አሜሪካ/ቺካጎ» በሚል የመዝገብ ስም ነው፤ ዳላስ በመዝገቡ የለችም። አገር ቤት ስንት ሰዓት እንደሆነ ስንጠይቀው ደግሞ «አፍሪካ/አዲስ አበባ» የሚለውን ፈልጎ እንደ ወቅቱ የ8 ወይም የ9 ሰዓት ልዩነት ያሰላል። መዝገቡን በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀመረው አሜሪካዊው አርተር ዴቪድ ኦልሰን ነው። ስሞቹ በአገር ሳይሆን በከተማ የተሰየሙት መንግሥትና ድንበር ስለሚለዋወጥ ነው። የከተማም ስም ግን ይለወጣል።

ለዚህ ቅርባችን ያለችው አስመራ ናት። በመዝገቡ መጀመሪያ ስትጻፍ መካከሏ ላይ የእንግሊዝኛው «ኢ» ፊደል ነበረ፤ ኋላ በ«ኤ» ተተካ። (በእኛ ፊደል «መ» ያው «መ» ነው፤ ጠቡ የፈረንጅ ፊደል ጠብ ነው።) ለኮምፒውተር ግን አንድ ፊደል ከተለወጠ ሌላ ስም ነው፤ በአሮጌው ስም የተሠራ ፕሮግራም ሁሉ መልስ ያጣል። ስለዚህ አሮጌው አጻጻፍ አልተሰረዘም፤ ለቀድሞ ስሞች በተለየ ፋይል ተቀምጦ የጠራውን ሁሉ ወደ አዲሱ ይመራል። ካልካታ ኮልካታ ስትባል፣ በ2022 የኪየቭ አጻጻፍ ሲቀየርም የተደረገው ይኸው ነው። «ናዝሬት» ብሎ የተሳፈረውን መንገደኛ ረዳቱ አዳማ እንደሚያወርደው ማለት ነው።

እስከዚህ ደግ ነው። የአዲስ አበባ ነገር ግን ያሳዝነኛል። ከ1970 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሰዓታቸው አንድ የሆነ ከተሞች ይጠቃለሉ ተብሎ፣ አዲስ አበባም አስመራም ዛሬ ወደ ናይሮቢ የሚመሩ ስሞች ሆነዋል። ስሟ አለ፤ ሲጠሩት የሚመልሰው ግን ናይሮቢ ነው። ለዛሬ ስልክ ጥሪ የሚጎድል የለም። የጎደለው ታሪኩ ነው። የቀድሞው መዝገብ እንደሚለው፣ አዲስ አበባ ከግሪንዊች በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ የሚቀድም የራሷ ሰዓት ነበራት። ያበቃውም ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ የባዶሊዮ ጦር ከተማዋን የገባበት ዕለት! በ5 ዓመቱ፣ በዚያው ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ሲመለሱ ሰንደቅ ዓላማው ተመለሰ፤ የቀድሞው ሰዓት ግን በመዝገቡ ላይ አልተመለሰም።

ያ መስመር አሁን የሚገኘው አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች በማይጭኑት ሌላ ፋይል ውስጥ ነው። የማይጨው ጦርነት ዕለት አዲስ አበባ ስንት ሰዓት ነበር ብላችሁ ተራውን ኮምፒውተር ብትጠይቁት፣ በአዲስ አበባ ስም በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረችውን የናይሮቢን ሰዓት ይነግራችኋል።