አበባ በጠላት መቃብር ላይ፦ ኢንዶኔዥያና ጎረቤቶቿ

ሜይ 1973 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሲንጋፖሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊ ኩዋን ዩ ጃካርታ ገብተዋል። በካሊባታ የጀግኖች መካነ መቃብር ሁለት መቃብሮች ላይ አበባ በተኑ።

እዚያ የተቀበሩት ሁለት የኢንዶኔዥያ ባሕር ወለድ ወታደሮች ናቸው። ማርች 10 ቀን 1965 ሲንጋፖር መሃል በሚገኝ ሕንጻ ውስጥ ቦምብ አጥምደው ሦስት ሰላማዊ ሰዎችን ገድለዋል። በ1968 ሲንጋፖር ውስጥ በስቅላት ተቀጡ። የጃካርታው መንግሥት "እባካችሁ ማሯቸው" ብሎ ለምኖ ነበር፤ ሰሚ አላገኘም። እንግዲህ የሰቀላቸው የሊ መንግሥት ነው፤ አበባ የበተኑላቸውም ራሳቸው ሊ ናቸው።

ይህ ለምን ሆነ? መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነው።

ኤፕሪል 1955 ፕሬዝዳንት ሱካርኖ የ29 የእስያና የአፍሪካ አገራት ልዑካንን ባንዱንግ ላይ ሰበሰቡ። አፍሪካን ወክለው ከተገኙት ስድስት አገራት አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ጉባኤው ያወጣቸው አሥር መርሆዎች ስለ ሉዓላዊነት መከበር፣ በሌላው የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ ስላለመግባትና ጠብን በሰላም ስለመፍታት የሚናገሩ ናቸው። ከቅኝ ግዛት ገና ለተላቀቀው ዓለም ጃካርታ የሞራል ዋና ከተማ ሆና ታየች።

ስምንት ዓመት አልቆየም። በ1963 ማላያ፣ ሲንጋፖር፣ ሳባህና ሳራዋክ ተዋሕደው ማሌዥያ ተመሠረተች። ሱካርኖ "ይህቺ አገር የእንግሊዝ ተንኮል ናት" አሉ። መፈክራቸውም "ማሌዥያን አድቅቁ" የሚል ሆነ። በቦርኒዮ ጫካ ድንበር አቋርጠው የሚገቡ ታጣቂዎች ተላኩ፤ ከወዲያ በኩል እንግሊዝ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ጦር አሰለፉ። የሲንጋፖሩ ቦምብም የዚሁ ዘመቻ አካል ነበር። ማሌዥያ የጸጥታው ምክር ቤት ተለዋጭ አባል ስትሆን ሱካርኖ ተቆጥተው በጃንዋሪ 1965 አገራቸውን ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አስወጡ።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ጊዜ የኢንዶኔዥያ ሕዝብ ምን በላ? በ1966 የዋጋ ንረቱ ከ600 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። ጎረቤትን ለማድቀቅ የተነሳች አገር የራሷ ገንዘብ ደቀቀ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ ብዙዎች አሳምረው ይተርኩታል። እኔ እንደዚያ ማድረግ አልችልም። ከሴፕቴምበር 30 ቀን 1965 ሌሊት ጀምሮ የሆነው አሰቃቂ ነው። ስድስት ጄኔራሎች ተገደሉ። ጦሩ ለዚህ ተጠያቂ ያደረገው የኮሚኒስት ፓርቲውን ነበር፤ በተከታዮቹ ወራትም በብዙ የታሪክ አጥኚዎች ግምት ግማሽ ሚሊዮን ወይም ከዚያ በላይ ሰው ተጨፈጨፈ። ከዚህ ደም መካከል ጄኔራል ሱሃርቶ ወጡ። በኦገስት 1966 ከማሌዥያ ጋር የሰላም ስምምነት ተፈረመ። በሴፕቴምበር ኢንዶኔዥያ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ተመለሰች። ኦገስት 8 ቀን 1967 ደግሞ ከማሌዥያ፣ ከሲንጋፖር፣ ከታይላንድና ከፊሊፒንስ ጋር ባንኮክ ላይ የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገራት ማኅበርን፣ አሴአንን መሠረተች። ለጎረቤት ሰላም ያወረደው መንግሥት የገዛ ሕዝቡን ደም ያፈሰሰው መንግሥት ነው። ሁለቱን ነጥሎ መተረክ ግማሽ እውነት ነው።

ቢሆንም አንድ ቁም ነገር አለ። ከአምስቱ መሥራቾች በሕዝብም በቆዳ ስፋትም ትልቋ ኢንዶኔዥያ ነበረች። ትልቋ አገር ግን "እኔ ልምራ፣ እናንተ ተከተሉ" አላለችም። የማኅበሩ አሠራር "ሙሻዋራ" እና "ሙፋካት"፣ ማለትም ምክክርና የጋራ ስምምነት ሆነ። ድምፅ ተቆጥሮ ብዙኃኑ አናሳውን የሚያሸንፍበት ቤት አይደለም። ትንሿ ሲንጋፖር የትልቋን ኢንዶኔዥያ ያህል "አይሆንም" የማለት መብት አላት። የሊ አበባም የዚሁ ሒሳብ አካል ነው። ሊ የፍርዱን ውሳኔ አልሻሩም፤ ለጎረቤት ክብር ሰጥተው ግን በሩን ከፈቱ።

ትርፉስ? ከድንበር ግጭት የተረፈው አቅም ወደ ሩዝ እርሻ፣ ወደ መንገድና ወደ ትምህርት ቤት ሄደ። በ1980ዎቹ አጋማሽ አገሪቱ በሩዝ ራሷን ቻለች። በመንግሥት አኃዝ መሠረት ከድህነት ወለል በታች ያለው ሕዝብ በ1976 ከነበረበት 40 በመቶ ገደማ በ1996 ወደ 11 በመቶ ገደማ ወረደ። ሙስናውና አፈናው እንዳለ ሆኖ ማለት ነው። ያ ሙስና በ1997ቱ የእስያ የገንዘብ ቀውስ ተጋልጦ ሱሃርቶን ከ32 ዓመት በኋላ ከሥልጣን አውርዷቸዋል።

ሌላም ምሳሌ ልጨምር። ሲፓዳንና ሊጊታን የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ደሴቶች ኢንዶኔዥያንና ማሌዥያን አጨቃጨቁ። ጉዳዩን ተስማምተው ወደ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ወሰዱት። በዲሴምበር 2002 ፍርድ ቤቱ ለማሌዥያ ፈረደ። ኢንዶኔዥያ አኮረፈች፤ ግን ተቀበለች። አንድም ጥይት አልተተኮሰም።

በሌላ በኩል ምሥራቅ ቲሞር አለች። በዲሴምበር 1975 የኢንዶኔዥያ ጦር ይህቺን ትንሽ የፖርቹጋል ቅኝ ግዛት ወርሮ ያዘ። በወረራው ዓመታት ከ100 ሺህ በላይ ሰው በግድያ፣ በረሃብና በበሽታ እንዳለቀ የአገሪቱ የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን ገምቷል። በኦገስት 1999 ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ 78.5 በመቶው ነጻነትን መረጠ። 24 ዓመት የፈጀው ኃይል ያተረፈው ጥላቻን ብቻ ነበር። ሜይ 20 ቀን 2002 ነጻነቷ በይፋ ሲታወጅ ግን ከእንግዶቹ መካከል የኢንዶኔዥያ ፕሬዝዳንት ሜጋዋቲ፣ የሱካርኖ ልጅ፣ ተገኙ። በኦክቶበር 2025 ደግሞ ቲሞር 11ኛዋ የአሴአን አባል ሆነች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ የተወጋውም ግን ከጎረቤቱ ሸሽቶ የትም አይሄድም።

ወደፊትስ? ኢንዶኔዥያ ዛሬ ከ280 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት። ነጻነቷን ያወጀችበትን 100ኛ ዓመት በ2045 የበለጸገች አገር ሆና ማክበር ትፈልጋለች። በ2020 ጥሬ ኒኬል ወደ ውጭ እንዳይላክ አገደች። የአውሮፓ ኅብረት በዓለም ንግድ ድርጅት ከሶ በ2022 ቢያስፈርድባትም ይግባኝ ብላ በአቋሟ ጸናች። በአብዛኛው በቻይና ገንዘብ የተሠሩ ማቅለጫዎች ሱላዌሲን ሞሉት። በጃንዋሪ 2025 እሷም እኛ ከዓመት በፊት የገባንበትን ብሪክስን ተቀላቀለች። አዲሱን ዋና ከተማዋን ኑሳንታራን የምትገነባውም ቦርኒዮ ላይ ነው። ልብ በሉ፤ በ1963 ታጣቂ ያሰረገችበት፣ ከማሌዥያና ከብሩናይ ጋር የምትጋራው ደሴት ነው። ዋና ከተማን ጎረቤት ደጃፍ ላይ መሥራት የሚቻለው ጎረቤት ሰላም ሲሆን ብቻ ነው።

ፈተናውም ቀላል አይደለም። በደኖቿ ቃጠሎ የሚነሳው ጭስ በ2015 የሲንጋፖርን ትምህርት ቤቶች አዘግቷል፤ ስለ ጭሱ በ2002 የተደረገውን ስምምነት ጃካርታ ያጸደቀችው ከ12 ዓመት በኋላ ነው። በናቱና ባሕር ከቻይና ጋር ትፋጠጣለች። የምክክሩ አሠራርም የሚያንማርን ጄኔራሎች ማስቆም አልቻለም፤ በ2021 እዚያው ጃካርታ የተስማሙባቸውን አምስት ነጥቦች ችላ ብለዋቸዋል። በኦገስት 2025 ደግሞ በምክር ቤት አባላት የቤት አበል የተቆጣ ሕዝብ አደባባይ ወጥቷል። በውጭ የተከበረ ሰላም ብቻውን የአገር ውስጥ ፍትሕን አይተካም። ይህንን ኢንዶኔዥያ ከ1965 ጀምሮ ታውቀዋለች።

መጨረሻው ላይ ወደ ሁለቱ መቃብሮች ልመለስ። በ2014 የኢንዶኔዥያ ባሕር ኃይል አንድ የጦር መርከቡን በሁለቱ ወታደሮች ስም ሰየመ። ሲንጋፖር ተቆጣች፤ መርከቡ ወደቧ እንዳይደርስም ከለከለች። በአንዱ አገር ጀግና፣ በሌላው ነፍሰ ገዳይ። ከ49 ዓመት በኋላም ቁስሉ አልደረቀም ማለት ነው። ግን ያ ንዴት በደብዳቤና በመግለጫ አለቀ። ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት ታሪክ ማመን አልቻሉም፤ ሳይስማሙበት አብሮ መኖርን ግን ለመዱ።

እኔ ከኢንዶኔዥያ የምወስደው ይህንን ነው። ትልቅ አገር የሚያድገው ጎረቤቶቹ ሲፈሩት አይደለም፤ መፍራት ሲያቆሙ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ቸር ያሰማን።